የባከነ ደቂቃ የማን ነው? የዳኝነትና የጨዋታ ሰዓት አስተዳደር በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች እግር ኳስ፦ ዳንግላን መነሻ ያደረገ ቅኝት

አጽሕሮተ ጽሑፍ

በእግር ኳስ ሕግ መሠረት የጨዋታውን ሰዓት የሚይዘው ዋናው ዳኛ ነው። የውጤትና የሰዓት ማሳያ ሰሌዳም ሆነ አራተኛ ዳኛ በማይገኝበት የትምህርት ቤት ሜዳ ይህ ሥልጣን ሙሉ በሙሉ በአንድ ሰው የእጅ ሰዓት ላይ ይወድቃል። የዚህ ጽሑፍ ዐላማ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ውድድር የሰዓት አያያዝ እንዴት ሕጋዊ፣ ግልጽና ሊመረመር የሚችል ሊሆን እንደሚችል መመርመር ነው። ጽሑፉ የጨዋታ ሕጎችን በመተንተን፣ በአደባባይ የታዩ የሰዓት ውዝግቦችን በማነጻጸርና ለዳንግላ የጀምበር መጥለቂያ ሰዓት ስሌት በመሥራት ተዘጋጅቷል። ከትንታኔው ሦስት ነጥቦች ይወጣሉ። አንደኛ፣ አብዛኛው የሰዓት ችግር የሚፈጠረው ጨዋታው ከመጀመሩ በፊት በመርሐ ግብር አወጣጥ ላይ ነው። ሁለተኛ፣ የባከነ ሰዓት በግምት ሳይሆን በጽሑፍ ሲያዝ ብቻ ፍትሐዊ ይሆናል። ሦስተኛ፣ ዳኛው መምህር በሆነበት ሜዳ ሁለተኛ ሰዓት መያዝ የዳኛውን ሥልጣን አይቀንስም፤ ይልቁንም ይጠብቀዋል።

ቁልፍ ቃላት፦ ዳኝነት፣ የባከነ ሰዓት፣ የትምህርት ቤት እግር ኳስ፣ የጨዋታ ሪፖርት፣ ዳንግላ

1. መግቢያ

ዳንግላ በአማራ ክልል በአዊ ብሔረሰብ አስተዳደር ዞን፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው ዋና መንገድ ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ወደ 80 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች፤ ከባሕር ጠለል በላይም ከ2,100 ሜትር በላይ ከፍታ አላት። በከተማዋም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች እንደሌላው የአገሪቱ ክፍል ሁሉ የትምህርት ቤት እግር ኳስ በክፍሎች መካከል ከሚደረግ ግጥሚያ ተነሥቶ ወደ ትምህርት ቤቶች፣ ወደ ወረዳና ወደ ዞን ውድድር ያድጋል። በዚህ መሰላል የመጀመሪያ ደረጃዎች ላይ ፊሽካ የሚይዘው ብዙውን ጊዜ የሰውነት ማጎልመሻ መምህሩ ነው።

በአማርኛ "ዳኛ" የሚለው ቃል በችሎት የሚቀመጠውንም በሜዳ የሚሮጠውንም ሰው ይጠራል። ይህ የቃል አንድነት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም። ተጫዋቹም ተመልካቹም ከሜዳው ዳኛ የሚጠብቁት ከችሎቱ ዳኛ የሚጠበቀውን ነው፤ ይኸውም ውሳኔው በሕግ እንዲመራ፣ ምክንያቱም እንዲታወቅ ነው። "በፍርድ ከሄደች በቅሎዬ፣ ያለ ፍርድ የሄደች ጭብጦዬ" የሚለው ብሂልም የሚያስረዳው ይህንኑ ነው። ሰው በትክክለኛ ፍርድ ያጣው ትልቅ ነገር ያለ ፍርድ ካጣው ጥቂት ነገር ያነሰ ይቆጨዋል። በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ ያለ ፍርድ ከሚጠፉት "ጭብጦዎች" መካከል አንዱ ደቂቃ ነው።

ሰዓት ከሌሎች የዳኝነት ጉዳዮች የሚለይበት ባሕርይ አለው። ጥፋትን ተመልካች ሊያይ ይችላል፤ ከጨዋታ ውጪ መሆንንም ረዳት ዳኛው በሰንደቅ ያሳያል። የቀረውን ደቂቃ ግን ከዳኛው በቀር በእርግጠኝነት የሚያውቅ የለም። ስለዚህ የሰዓት ስሕተት ለመታረም ይከብዳል፤ የሰዓት ጥርጣሬም ለመጥፋት ይከብዳል። ባህላዊው የገና ጨዋታ ይህን ችግር አያውቀውም፤ የተለካ ደቂቃ የለውምና፣ ጨዋታው የሚያበቃው ቡድኖቹ ሲደክሙ ወይም ቀኑ ሲመሽ ነው። እግር ኳስ ግን ፍትሑን ከደቂቃ ጋር ያሰረ ጨዋታ ነው።

2. ሕጉ ስለ ሰዓት የሚደነግገው

የእግር ኳስ ሕጎችን የሚያወጣው በ1886 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዓለም አቀፉ የእግር ኳስ ማኅበራት ቦርድ ነው። በ5ኛው ሕግ መሠረት ዋናው ዳኛ ሰዓት ይይዛል፣ የጨዋታውን ሁነቶች ይመዘግባል፣ ሪፖርትም ያቀርባል። 7ኛው ሕግ ደግሞ የጨዋታውን ርዝመት ይወስናል። ከዚህ ሕግ ለትምህርት ቤት ውድድር ወሳኝ የሆኑት ድንጋጌዎች አምስት ናቸው።

አንደኛው የአጋማሾች እኩልነት ነው። ጨዋታው እያንዳንዳቸው 45 ደቂቃ የሆኑ ሁለት እኩል አጋማሾች አሉት። ይህን ማሳጠር የሚቻለው ከጨዋታው መጀመር በፊት ዳኛውና ሁለቱ ቡድኖች ሲስማሙና የውድድሩ ደንብ ሲፈቅድ ብቻ ነው። ለታዳጊዎች እግር ኳስ አጋማሾቹ አጥረው እንዲወሰኑ ሕጉ ለብሔራዊ ፌዴሬሽኖች በር ከፍቷል። እዚህ ላይ አንድ ጥብቅ መደምደሚያ ይከተላል። የመጀመሪያውን አጋማሽ 40 ደቂቃ ካጫወቱ በኋላ "እየመሸ ነው" ብሎ ሁለተኛውን 30 ደቂቃ ማድረግ፣ ሁለቱ አምበሎች እንኳ ቢስማሙበት፣ ሕጉ የማይፈቅደው ነው።

ሁለተኛው የዕረፍት ጊዜ ነው። ተጫዋቾች ዕረፍት የማግኘት መብት አላቸው፤ ርዝመቱም ከ15 ደቂቃ ሊበልጥ አይችልም። የውድድሩ ደንብ የዕረፍቱን ርዝመት መግለጽ ሲኖርበት፣ ይህ ርዝመት በዳኛው ፈቃድ ሊለወጥ ይችላል። ስለዚህ ዘግይቶ ለተጀመረ ጨዋታ ዳኛው በእጁ ያለው ሕጋዊ መፍትሔ ዕረፍቱን ማሳጠር እንጂ አጋማሹን ማሳጠር አይደለም።

ሦስተኛው የባከነ ሰዓት ነው። ለተጫዋች ቅያሪ፣ ጉዳት የደረሰበትን ተጫዋች ለመመርመርና ከሜዳ ለማውጣት፣ ሆን ተብሎ ለሚደረግ ሰዓት ማባከን፣ ለካርድ ቅጣት፣ ለሕክምናና ለውኃ ዕረፍት፣ ለግብ ደስታ መግለጫ እንዲሁም ጨዋታ እንደገና እንዳይጀመር ለሚያዘገይ ሌላ ምክንያት የጠፋው ጊዜ ይጨመራል። የእጅ ውርወራና የመልስ ምት የጨዋታው ተፈጥሯዊ ክፍል ስለሆኑ ከመጠን በላይ ካልዘገዩ በስተቀር አይቆጠሩም። በአጋማሹ የመጨረሻ ደቂቃ ማብቂያ ላይ የሚገለጸው ቁጥር ዝቅተኛው ጭማሪ ነው፤ ዳኛው ሊያሳድገው ይችላል፣ ሊቀንሰው ግን አይችልም።

አራተኛው ስሕተትን ስለማካካስ የሚናገረው ነው። በመጀመሪያው አጋማሽ የተፈጠረ የሰዓት ስሕተት የሁለተኛውን አጋማሽ ርዝመት በመለወጥ አይካካስም። ይህ ድንጋጌ የአጋማሾችን እኩልነት ይጠብቃል፤ አንዱ ቡድን በነፋስ፣ በፀሐይ ወይም በሜዳ ቁልቁለት የተጠቀመበትን ጊዜ ለሌላው አጋማሽ ማሻገር ፍትሕን ያዛባልና።

አምስተኛው የፍጹም ቅጣት ምት ነው። ፍጹም ቅጣት ምት መመታት ወይም መደገም ካለበት ምቱ እስኪጠናቀቅ አጋማሹ ይራዘማል። ከዚህ በቀር ሕጉ "ማጥቃት ላይ ሳሉ ፊሽካ አይነፋም" የሚል ድንጋጌ የለውም። በየሜዳው ዳር "የማዕዘን ምቱ ይመታ እንጂ!" እየተባለ የሚቀርበው አቤቱታ ከልማድ እንጂ ከሕግ የመጣ አይደለም።

3. የደቂቃ ዋጋ፦ አራት የአደባባይ ምሳሌዎች

የመጀመሪያው ምሳሌ ከአገር ቤት ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው 3ኛው የአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ኢትዮጵያ እስከ 84ኛው ደቂቃ በግብጾች 2 ለ 1 ትመራ ነበር። በዚያች ደቂቃ ሉቻኖ ቫሳሎ አቻ አደረገ፤ በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎና መንግሥቱ ወርቁ አከሉና ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸንፋ ዋንጫውን አነሣች። የአገሪቱ ብቸኛ የአፍሪካ ዋንጫ ድል የተወለደው መደበኛው ሰዓት ሊያልቅ 6 ደቂቃ ያህል ሲቀረው ነው። የመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ትርፍ እንዳልሆኑ ከዚህ የተሻለ ማስረጃ አያስፈልግም።

ሁለተኛው ምሳሌ በ1978 እ.ኤ.አ. በአርጀንቲና በተደረገው የዓለም ዋንጫ ብራዚልና ስዊድን 1 ለ 1 የተለያዩበት ጨዋታ ነው። ከማዕዘን የተሻማውን ኳስ ዚኮ በራሱ ገጭቶ ሲያስቆጥር የዌልሱ ዳኛ ኳሱ በአየር ላይ እያለ የማብቂያውን ፊሽካ ነፍተው ስለነበር ግቡ አልጸደቀም። በሕጉ ፊደል ዳኛው ትክክል ነበሩ። ሆኖም ውሳኔው ለዐሠርት ዓመታት ሲያከራክር ኖሯል፤ ምክንያቱም የቀረውን ሰከንድ ከእሳቸው በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ሕጋዊነት ብቻውን አመኔታን አያስገኝም።

ሦስተኛው ምሳሌ ጥር 4 ቀን 2014 ዓ.ም. በካሜሩን ሊምቤ ቱኒዚያና ማሊ የተጋጠሙበት የአፍሪካ ዋንጫ ምድብ ጨዋታ ነው። ዛምቢያዊው ዋና ዳኛ መጀመሪያ በ85ኛው ደቂቃ የማብቂያ ፊሽካ ነፉ፤ ጨዋታው ከቀጠለ በኋላም 90 ደቂቃ ሊሞላ ሰከንዶች ሲቀሩት እንደገና አበቁት። በዚያ አጋማሽ የቪዲዮ ምርመራ፣ ፍጹም ቅጣት ምትና ቀይ ካርድ ስለነበሩ ሊጨመር የሚገባው ጊዜ ብዙ ነበር። ጨዋታውን ለማስቀጠል በተሞከረ ጊዜ ቱኒዚያዎች ወደ ሜዳ አልተመለሱም፤ የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽንም አቤቱታቸውን ውድቅ አድርጎ የማሊን 1 ለ 0 አሸናፊነት አጸና። ዳኛው በሙቀት ምክንያት ታመው እንደነበር በኋላ ተገልጿል። ረዳቶች፣ አራተኛ ዳኛና የቪዲዮ ክፍል ባሉበት አህጉራዊ መድረክ የአንድ ሰው ጤና መታወክ ሰዓቱን ካዛባ፣ አንድ መምህር ብቻውን ፊሽካ በያዘበት ሜዳ ስሕተት ቢፈጠር ሊያስደንቅ አይገባም። ትምህርቱ ግለሰብን መውቀስ ሳይሆን ሁለተኛ ሰዓት እንዲኖር ማድረግ ነው።

አራተኛው ምሳሌ ተቃራኒውን ያሳያል። በ2022 እ.ኤ.አ. በኳታር በተካሄደው የዓለም ዋንጫ ዳኞች የባከነውን ሰዓት በጥንቃቄ እንዲቆጥሩ በመታዘዛቸው፣ እንግሊዝና ኢራን በተጋጠሙበት ጨዋታ ብቻ የሁለቱ አጋማሾች ጭማሪ ተደምሮ ወደ 27 ደቂቃ ደረሰ። የኢራን ግብ ጠባቂ በጭንቅላቱ ላይ የደረሰበት ጉዳት ከፍተኛውን ድርሻ ይዞ ነበር። በልማድ ሁለትና ሦስት ደቂቃ ከሚጨመርበት አሠራር ጋር ሲነጻጸር፣ መቁጠርና መገመት ምን ያህል እንደሚራራቁ ይህ ጨዋታ በግልጽ አሳይቷል።

4. ጀምበርና መርሐ ግብር

በትምህርት ቤት ሜዳ የመብራት ምሰሶ ስለሌለ የመጨረሻው የሰዓት ወሰን ጀምበር ናት። በዳንግላ የኬክሮስና የኬንትሮስ አቀማመጥ ሲሰላ፣ ጀምበር በኅዳር አጋማሽ ከምሽቱ 12 ሰዓት ከ5 ደቂቃ ገደማ፣ በጥር አጋማሽ 12 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በሚያዝያ አጋማሽ 12 ሰዓት ከ45፣ በሰኔ አጋማሽ ደግሞ 12 ሰዓት ከ55 ገደማ ትጠልቃለች። በዓመቱ ውስጥ ያለው ልዩነት ወደ አንድ ሰዓት ይጠጋል። ስለዚህ "ጨዋታ ሁልጊዜ በ10 ሰዓት ተኩል ይጀመራል" የሚል አንድ ወጥ ልማድ በሰኔ ሲሠራ በኅዳር ይከሽፋል።

ስሌቱን በኅዳር ወር መመልከት ይጠቅማል። ሁለት ጊዜ 45 ደቂቃ፣ የ15 ደቂቃ ዕረፍትና በሁለቱም አጋማሾች በድምሩ የ10 ደቂቃ ጭማሪ ቢታሰብ ጨዋታው 115 ደቂቃ ይፈጃል፤ ጀምበር ሳትጠልቅ እንዲያልቅ ቢዘገይ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ10 ደቂቃ መጀመር አለበት። ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ፣ የ10 ደቂቃ ዕረፍትና የ8 ደቂቃ ጭማሪ 98 ደቂቃ ይሆናል፤ መጀመሪያውም ቢዘገይ 10 ሰዓት ከ27 ነው። ሁለት ጊዜ 35 ከሆነ፣ በዚያው ዕረፍትና ጭማሪ 88 ደቂቃ ስለሚሆን እስከ 10 ሰዓት ከ37 መቆየት ይቻላል።

የጥሎ ማለፍ ጨዋታ ሌላ ሒሳብ ይጠይቃል። ለመለያ ምቶች 15 ደቂቃ ቢያዝ፣ ሁለት ጊዜ 40 የሆነው ጨዋታ በ10 ሰዓት ከ12 መጀመር ይኖርበታል። ሁለት ጊዜ 45 ሆኖ፣ ሁለት ጊዜ 15 ደቂቃ ተጨማሪ ሰዓት ከአጫጭር ዕረፍቶቹ ጋር 35 ደቂቃ፣ የመለያ ምትም 15 ደቂቃ ቢታከልበት ድምሩ 165 ደቂቃ ስለሚሆን መጀመሪያው ወደ 9 ሰዓት ከ20 ይወርዳል። በፈረቃ በሚያስተምር ትምህርት ቤት ይህ ሰዓት የከሰዓት ተማሪዎች ክፍል ውስጥ ያሉበት ነው። ስለዚህ በእንዲህ ያለ ውድድር አቻ ውጤት ላይ ያለ ተጨማሪ ሰዓት በቀጥታ ወደ መለያ ምት መሄድ፣ ደንቡም ይህንኑ አስቀድሞ መጻፍ ተመራጭ ነው።

ጉዳዩ ከውጤት በላይ ነው። ከከተማው ውጪ ካሉ ቀበሌዎች በእግር የሚመላለሱ ተማሪዎች፣ በተለይም ሴት ተጫዋቾች፣ ጨዋታው ሲያልቅ ገና ረጅም መንገድ ይጠብቃቸዋል። ዘግይቶ የተጀመረ ጨዋታ ዳኛውን በሁለት ግዴታዎች መካከል ያስጨንቀዋል፤ ሙሉውን ሰዓት ካጫወተ ተማሪዎች በጨለማ ይሄዳሉ፣ ካሳጠረ ሕግ ይጥሳል። ይህን አጣብቂኝ በ75ኛው ደቂቃ በፊሽካ መፍታት አይቻልም፤ ከሳምንት በፊት በመርሐ ግብር ግን ይቻላል።

የዝናብ ጉዳይም እንዲሁ ነው። በአካባቢው ዋናው ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚወርድ የዓመቱ መዝጊያ ጨዋታዎች ከከባድ ዝናብ ጋር ይገጥማሉ። በ7ኛው ሕግ መሠረት የተቋረጠ ጨዋታ የውድድሩ ደንብ ወይም አዘጋጆቹ በሌላ መንገድ ካልወሰኑ በስተቀር ከመጀመሪያው ይደገማል። 3 ለ 0 ሲመራ በ80ኛው ደቂቃ በዝናብ ጨዋታው የተቋረጠበት ቡድን ከዜሮ መጀመሩ እንደ በደል ይሰማዋል። ደንቡ "ከተቋረጠበት ደቂቃና ውጤት ይቀጥላል" ካለ ደግሞ የተቋረጠበት ደቂቃ በትክክል መመዝገብ አለበት። የሰዓት መዝገብ የሌለው ዳኛ ይህን ደንብ ማስፈጸም አይችልም።

5. የባከነ ሰዓት አመዘጋገብ

የሰዓት አያያዝ ሁለት መሣሪያ ይጠይቃል። አንደኛው ሰዓት ከመጀመሪያው ፊሽካ ጀምሮ ሳይቆም ይሄዳል፤ ሁለተኛው ጨዋታ ሲቋረጥ ብቻ እየተለቀቀ የባከነውን ይደምራል። ሁለተኛ ሰዓት ባይገኝ በካርዱ ጀርባ ላይ የተቋረጠበትንና የተጀመረበትን ደቂቃ መጻፍ ያንኑ ሥራ ይሠራል።

አሠራሩን በምሳሌ ለማስረዳት፣ የ35 ደቂቃ ሁለተኛ አጋማሽ እንዲህ አለፈ እንበል። ሦስት ጊዜ ቅያሪ ተደርጎ እያንዳንዱ 30 ሰከንድ ወሰደ፤ ይህ 1 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። አንድ ተጫዋች ተጎድቶ እስኪወጣ 2 ደቂቃ ከ10 ሰከንድ ሄደ። ኳሱ ከሜዳው ርቆ በመውጣቱና መለዋወጫ ኳስ ባለመኖሩ 1 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ጠፋ። ለግብ ደስታ 50 ሰከንድ፣ ለቢጫ ካርድ 40 ሰከንድ ባከነ። ድምሩ 6 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ነው። ዳኛው "ቢያንስ 6 ደቂቃ" ብሎ ያሳውቃል። በጭማሪው ውስጥ ግብ ጠባቂው ወድቆ 1 ደቂቃ ቢያስቆም፣ አጋማሹ የሚያበቃው 7 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ ሲጨመር ነው።

ያው ዳኛ መዝገብ ሳይዝ በልማድ 3 ደቂቃ ቢጨምር ኖሮ 3 ደቂቃ ተኩል ያለ ፍርድ ይጠፋ ነበር። ይህ የአጋማሹ አንድ ዐሥረኛ ነው። የሚጎዳውም ሁልጊዜ እየተመራ ያለው ቡድን ነው፤ ሰዓት በመግደል የተጠቀመው ደግሞ ተሸላሚ ይሆናል። በእንዲህ ያለ ሜዳ ያደገ ተማሪ የሚማረው መውደቅና መዘግየት እንደሚያዋጣ ነው።

ከማካካስ መከላከል ይቀድማል። ጨዋታ እንዳይጀመር ማዘግየት በ12ኛው ሕግ በቢጫ ካርድ ያስቀጣል። ተቀያሪው ተጫዋች በመሀል መስመር ሳይሆን ለቆመበት ቅርብ በሆነው የሜዳ ወሰን በኩል እንዲወጣ የሚያዘው ድንጋጌ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ይሠራል፤ ይህን ብቻ ማስፈጸም በየቅያሪው ብዙ ሰከንድ ያድናል። በ2025 እ.ኤ.አ. ሥራ ላይ በዋለው ማሻሻያ ደግሞ ግብ ጠባቂ ኳስን በእጁ ከ8 ሰከንድ በላይ ከያዘ ለተጋጣሚው የማዕዘን ምት ይሰጣል፤ ዳኛው የመጨረሻዎቹን 5 ሰከንዶች እጁን አንሥቶ ይቆጥራል። ከእነዚህ አንዳቸውም ገንዘብ አይጠይቁም። ኳስ አቀባይ ተማሪዎችን በሜዳው ዙሪያ ማቆምና አንድ መለዋወጫ ኳስ ማዘጋጀትም እንዲሁ በትምህርት ቤቱ ዐቅም የሚሠራ ነው።

6. ዳኛው መምህር ሲሆን

ፊሽካ የያዘው ሰው ነገ ጠዋት ለተጫዋቾቹ ውጤት የሚሞላ መምህር መሆኑ የትምህርት ቤት ዳኝነት ልዩ ፈተና ነው። ተማሪው ስለ ሰዓት ቢጠይቅ መምህሩን እንደተዳፈረ ይቆጠራል ብሎ ይፈራል፤ ዝም ካለ ደግሞ ጥርጣሬው በልቡ ይቀራል። በሌላ በኩል መምህሩ ከአንደኛው ትምህርት ቤት የመጣ ከሆነ፣ ትክክለኛ ጭማሪ እንኳ ለራሱ ቡድን ያደላ ሊመስል ይችላል።

መፍትሔው ሰዓትን ከአንድ ሰው ምስክርነት ማውጣት ነው። የተጋጣሚዎቹ ትምህርት ቤቶች አንድ አንድ መምህር በረዳት ዳኝነት ሲመድቡ እነሱም የጨዋታውን ሰዓት በትይዩ ይይዛሉ። አጋማሹ ሊያልቅ 5 ደቂቃ ሲቀረው ዋናው ዳኛ ከሁለቱም ጋር በእጅ ምልክት ሰዓቱን ያመሳክራል። ልዩነት ከተገኘ የሚታረመው ያኔ፣ ከፊሽካው በፊት ነው፤ በኋላ ማካካስ የለምና። የመጨረሻው ውሳኔ የዋናው ዳኛ ሆኖ ይቀራል። ይህ አሠራር ከ6ኛው ሕግ ጋር ይስማማል፤ ሌሎቹ ዳኞች የሚረዱት በዋናው ዳኛ መሪነት ነውና።

የማሳያ ሰሌዳ በሌለበት ሜዳ ጭማሪውን መግለጽም አስቸጋሪ አይደለም። ዳኛው ጨዋታ በቆመበት ቅጽበት ቁጥሩን በጣቶቹ ያሳያል፤ ለሁለቱ አምበሎችም ጮክ ብሎ ይናገራል፤ ረዳቱ ለተቀያሪ ወንበሮቹ ይደግመዋል። ቁጥሩ ከተሰማ በኋላ የሚቀረው ክርክር ስለ ቁጥሩ ትክክለኛነት ይሆናል። ያን ደግሞ መዝገቡ ይመልሰዋል።

7. ሰዓቱን ማቆም አማራጭ ይሆናልን?

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተለየ ሥርዓት አለ። የአገሪቱ ብሔራዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ማኅበራት ፌዴሬሽን በሚያወጣው ደንብ እግር ኳስ ሁለት ጊዜ 40 ደቂቃ ይደረጋል። ሰዓቱ ወደ ኋላ ይቆጥራል፤ ግብ ሲቆጠር፣ ፍጹም ቅጣት ምት ሲሰጥ፣ ካርድ ሲወጣና ዳኛው ለጉዳት ምልክት ሲሰጥ ይቆማል። ዜሮ ላይ ሲደርስ አጋማሹ ያበቃል። በዚያው አገር "ፉትቦል" ተብሎ የሚጠራው ሌላው ጨዋታም በትምህርት ቤቶች ደረጃ አራት ጊዜ 12 ደቂቃ ሆኖ፣ የሰዓት ተቆጣጣሪው ከሜዳ ዳኞቹ የተለየ ሰው ነው።

የዚህ ሥርዓት ጥቅም ግልጽነቱ ነው። ተመልካቹ ሁሉ የቀረውን ሰዓት ስለሚያይ ዳኛው በደቂቃ አይጠረጠርም። ለዳንግላ ዓይነት ሜዳ ግን ሙሉ በሙሉ ማምጣቱ አይመከርም። አንደኛ፣ ከ5ኛው ሕግ ጋር ይጋጫል፤ ወደ ዞንና ወደ ክልል የሚያልፍ ቡድን በአንድ ሕግ ተለማምዶ በሌላ ሊዳኝ አይገባም። ሁለተኛ፣ የሰዓት ማሳያና የሠለጠነ ተቆጣጣሪ ይፈልጋል።

ሊወሰድ የሚገባው መንፈሱ ነው። በአሜሪካው ሥርዓት ዳኛው ሰዓቱ እንዲቆም ሲፈልግ ለሁሉም በሚታይ የእጅ ምልክት ያሳያል። በእኛም ሜዳ ዳኛው ለጉዳት ወይም ለመዘግየት ጨዋታ ሲቆም የእጅ ሰዓቱን በጣቱ ቢያመለክት፣ የባከነው ደቂቃ እየተቆጠረ መሆኑን ሁለቱም ቡድኖች ያውቃሉ። ሰዓት የሚገድለው ተጫዋችም ድካሙ ከንቱ መሆኑን ይረዳል። ይህ ትንሽ ምልክት ሕጉን ሳይለውጥ የሥርዓቱን ግልጽነት ያስገኛል።

8. ማጠቃለያና የመፍትሔ ሐሳቦች

ከላይ የቀረበው ትንታኔ የሰዓት አስተዳደር ከዳኛው የግል ችሎታ ይልቅ የውድድር አደረጃጀት ጉዳይ መሆኑን ያሳያል። በዚህ መሠረት የሚከተሉት ሐሳቦች ይቀርባሉ።

ሀ. የትምህርት ቤት፣ የወረዳና የዞን ውድድር ደንቦች የአጋማሹን ርዝመት፣ የዕረፍቱን ርዝመት፣ የአቻ ውጤት አፈታትንና የተቋረጠ ጨዋታ አያያዝን በጽሑፍ ይወስኑ።

ለ. የጨዋታ መጀመሪያ ሰዓት በየወሩ ከጀምበር መጥለቂያ ወደ ኋላ ተቆጥሮ ይወሰን፤ ከዚያ ሰዓት ያለፈ ጨዋታ ሳይጀመር ወደ ሌላ ቀን ይተላለፍ።

ሐ. ዋናው ዳኛ የባከነ ሰዓት መመዝገቢያ ካርድ ይያዝ፤ ካርዱም ከጨዋታው ሪፖርት ጋር ተያይዞ ይቀመጥ።

መ. ሁለቱ ረዳት ዳኞች በትይዩ ሰዓት ይያዙ፤ ከየአጋማሹ ማብቂያ 5 ደቂቃ በፊትም ይመሳከር።

ሠ. ዝቅተኛው ጭማሪ በድምፅና በጣት ምልክት ለሁለቱም አምበሎች ይገለጽ።

ረ. የሰውነት ማጎልመሻ መምህራን ሥልጠና ከጥፋትና ከጨዋታ ውጪ ትምህርት ጎን ለጎን የሰዓት አያያዝ ልምምድን ያካትት፤ ተማሪዎችም በክፍል ግጥሚያዎች ሰዓት እንዲይዙ ይደረግ።

የመጨረሻው ሐሳብ ልዩ ትኩረት ይገባዋል። አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ይዞ የባከነ ደቂቃ የመዘገበ ተማሪ፣ በቀጣዩ ጨዋታ ተጫዋች ሆኖ ሲሰለፍ ዳኛውን የሚጠይቀው በቁጣ ሳይሆን በዕውቀት ነው። በተመዘገበና በተነገረ ሰዓት የተሸነፈ ቡድን ሽንፈቱን ይዞ ወደ ልምምድ ይመለሳል። ባልተቆጠረ ደቂቃ የተሸነፈ ግን የሚመለሰው ቂም ይዞ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሜዳው ላይ ሊያስተምረው የሚገባው የመጀመሪያውን ነው።